«እኔን» የሚል አጥቂ

ኳስ አልወድም የሚል ሰው ስታገኙ እባካችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ፤ ቁጭ ብዬ ልቅናበት። እኔማ ወድጄ ምን አተረፍኩ? አሁን ደግሞ ሰዉ ሁሉ አንድ ክርክር ይዟል። አዲስ ተጫዋች እንደመጣ ወዲያው ይሰለፍ ወይስ ቆይቶ ይልመድ? ኑ እኔን ጠይቁኝ። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ በሁለቱም ተቃጥያለሁ።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀሐ ወንዝ ዳር አንዲት ሜዳ ነበረችን። ሜዳ ስላችሁ ሳር የለበሰች እንዳትመስላችሁ፤ ግማሿ ድንጋይ፣ ግማሿ ጭቃ። ግን እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስፌት ማኪና ላይ ጎብጬ እውልና እሑድ እሷን ስረግጥ ነው ወገቤ የሚቃናው። ሌላ ምን ደስታ ነበረኝ? ምንም!

ይቺኑ ሜዳ የላይ ሰፈር ልጆችም የእኛ ናት ይሉ ነበር። በየእሑዱ ከጨዋታው ድብድቡ በዛ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ፈረዱ። አንድ ጊዜ ተጋጠሙ፣ ያሸነፈ ይያዛት፣ የተሸነፈ ዳግም እግሩን እንዳያሳርፍባት አሉ። «ንጉሥ ይሙት!» አስባሉን። ከዚህ ወዲያ ማን አፉን ይከፍታል?

በዚያው ሰሞን ጥጋቡ መጣ። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ በቅሎ ነጂ። ስሙ ጥጋቡ ይሁን እንጂ ጥጋብ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሲያናግሩት መሬት መሬቱን ያያል። ሲሮጥ ግን! ኳሷ እግሩ ሥር ከገባች በቃ፣ ጀርባውን ነው የምታዩት።

አሰልጣኛችን አያ ውብነህ የጭነት ማኪና ሾፌር ነበሩ፤ ኳስን አሥመራ ሲመላለሱ ነው የለመዱት። ይኼ ልጅ እሑድ ይሰለፋል አሉ። ምነው አያ፣ ሜዳችን እኮ ናት በመያዣ የተያዘችው፣ ልጁ ገና መምጣቱ ነው፣ ጥቂት ተቀምጦ ይየን አልኳቸው። አዲስ ማኪና ገዝቶ ደጅ የሚያቆም ሞኝ አለ ወይ ብለው ሳቁብኝ። ሌላውም አብሮ ሳቀ። ምን ላድርግ?

እሑድ ደረሰ። ዝናብ ሲጥል አድሮ ሜዳዋ እንደ ሳሙና ታዳልጣለች። ጥጋቡ ያንን ሁሉ ሰው እየጣለ ሲያልፍ አፌን ይዤ ቀረሁ። ለካ ተሳስቼ ነበር ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለውን ስህተት በየቀኑ ያምጣልኝ!

ጎል ሳይገባ መጨረሻው ቀረበ። ጥጋቡ በረኛቸውንም አለፈ። ከፊቱ የላይ ሰፈሩ ተከላካይ አያ ይርሳው ብቻ ቀሩ። አያ ይርሳው ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጺማቸው የረዘመ አርበኛ ናቸው። ሊያስቆሙት ሲሮጡ አዳለጣቸውና ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ጎሉ ባዶ! ኳሷን በእግሩ ጣት ቢነካት ትገባለች።

ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኳሷን ትቶ «እኔን! እኔን ይድፋኝ አያ!» እያለ ተንደርድሮ አነሳቸው። ከጺማቸው ላይ ጭቃውን ጠረገላቸው። «ምታት! ምታት!» እያልን ጉሮሯችን ተሰነጠቀ። ቀና ብሎ «ምነው፣ ሰው ወድቆ?» አለን።

አያ ይርሳው «ተባረክ የኔ ልጅ» አሉና ኳሷን ወደ ፊት ጠለዟት። እኛ ሁላችን ወደዚያ ወጥተን ስንጮህ ኋላ ማን ነበር? አጥቂያቸው አግኝቶ አገባት። ፊሽካ ተነፋ።

ሜዳችን ሄደች። እያለቀስኩ ቤት ስገባ ሚስቴ ማን ሞተ ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ልጁ ላይ ግን እንዴት ልፍረድ? በእኛ አገር ሰው ሲወድቅ «እኔን» አለማለት ነውር ነው። መንገደኛ ድንጋይ ቢያደናቅፈው ከማዶ ሆነን «እኔን!» እንላለን። ሜዳ ውስጥ አይባልም ብሎ ማን ነገረው? እኔስ ተቀምጦ ይልመድ ያልኩት ለዚህ አልነበር!

አያ ውብነህ አፈሩ። በል አንተው አስተምረው አሉኝ። አስተማርኩት። አዝመራ በተነሳበት የሰው ማሳ ላይ፣ ለምነን እየተጫወትን፣ እኔ ሆን ብዬ እወድቃለሁ። እሱ አፉን ሲከፍት እቆጣለሁ። ዝለለኝ! እለፈኝ! እላለሁ። መጀመሪያ እንባው ይመጣ ነበር። ውሎ ሲያድር ከንፈሩን መንከስ ጀመረ። በኋላ እሱንም ተወው። ሸጋ አጥቂ ወጣው፤ ሰዉ ሁሉ አመሰገነኝ።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ እግሬ ጉድጓድ ገባና ቋ አለ። ይኸው እስከ ዛሬ አነክሳለሁ። የዚያን ቀን የምሬን ነው የወደቅኩት፤ እሪ አልኩ። ጥጋቡ ኳሷን እየገፋ መጣ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። በላዬ ዘለለና አገባት። ከዚያ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ዞረና ጠየቀኝ፦

«አያ፣ አሁንስ ለመድኩ?»