ለውሻ ነው

ትንሽ ከተማ ውስጥ መኖር ደግ ነገር ነው። ብትታመሙ ከሐኪሙ በፊት ጎረቤት ያውቃል። ብትጣሉ ቁጣችሁ ሳይበርድ አስታራቂ ደጃችሁ ላይ ይቆማል። ችግር የሚመጣው ሰው እንዳያውቅባችሁ የምትፈልጉት ነገር ሲኖራችሁ ነው። እኛ እንጅባራዎች ለዚህም መላ አናጣም፤ ሚኒባስ ተሳፍረን ዳንግላ እንሄዳለን። ዳንግላዎችስ የት ይሄዳሉ ብትሉኝ፣ ወደ እኛ ይመጣሉ መሰለኝ።

እኔ ዕድሜዬን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የጨረስሁ፣ ባሌን የቀበርሁ፣ አንዲት ልጄን ባሕር ዳር የዳርሁ ጡረተኛ ነኝ። በዚህ ዕድሜ ሰው ወይ ማኅበር ያበዛል ወይ ዶሮ ያረባል። እኔን ውሻ ገጠመኝ። ከዘንገና በኩል የሚመጡ ገበያተኞች ከሚወርዱበት የባጃጅ ማቆሚያ፣ በዚያ በማያባራው ዝናባችን፣ አንድ ቡናማ ውሻ ድንገት ተዘርሮ ይንፈራገጣል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል። አረፋ የደፈቀ ውሻ ምስክር አይሰማለትም፤ ድንጋይ ይነሳበታል። እኔ ግን ካርድ ክፍሉ በር ላይ ስንቱ ሰው እንዲህ ሲወድቅ አይቻለሁ። ዣንጥላዬን በሰዎቹና በውሻው መካከል ዘርግቼ «ተዉት፣ የኔ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለበት» አልሁ። ውሻውን ከዚያ በፊት በዓይኔም አይቼው አላውቅም። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወደ መሬት ተመለሱ። ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ ያነሱትን ድንጋይ ሰው እያየ መልሶ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም።

ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድሁት፤ ሐኪሙ ለብቻው አስሮ «ያብድ እንደሆን እንየው» አለ። አላበደም። ከተበው፣ መረመረው፣ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘለት። መጠኑ ይለያል እንጂ ለሰውም የሚታዘዘው ያው ኪኒን ነው። ከዚያ «የሚወስደው ሰው እስኪገኝ እርስዎ ዘንድ ይቆይ» አለኝ። እስኪገኝ የምትባል ቃል ስንቱን ሰው የልጅ አባት፣ የቤት ባለዕዳ እንዳደረገች ታውቃላችሁ። እኔንም የውሻ ሞግዚት አደረገችኝ። ወድቆ በተነሳ ቁጥር «ተመስገን» ስለምል ስሙ ተመስገን ሆኖ ቀረ። የጎረቤታችን ልጅም ተመስገን ነው። «ተመስገን፣ ና ኪኒንህን ዋጥ» ባልሁ ቁጥር እናቱ በአጥሩ በኩል ቅር ብሏት ታየኛለች።

ኪኒኑን ደግሞ በቅቤ ካልተለወሰ አይውጥም። በሽሮ ሞከርሁ፣ በዳቦ ሞከርሁ። በማር ብሞክር ማሩን ልሶ ኪኒኑን እንደታጠበ ዕቃ አጽድቶ መለሰልኝ። ቅቤ ብቻ።

እንዲህ ተላምደን ስንኖር ልጄ ከባሕር ዳር ደወለች፤ ከፋሲካ በኋላ ትወልዳለች፤ እኔ ሄጄ ማረስ አለብኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ተመስገን ከደረጃው መሃል ሲወድቅ ታየኝ። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ቤት ልፈልግለት ተነሳሁ። የሚያስጨንቀኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የሚወስደው ሰው ውሻው ሲወድቅ ድንጋይ እንዳያነሳ። አንዱ ለዘበኝነት ፈልጎት መጣና «ሌባ ሲገባ ቢወድቅሳ?» ብሎኝ ሄደ። አንዱ «ውሻ ኪኒን ሲውጥ ቅድመ አያቶቼም አላዩ» አለና፣ እኔ ዘወር ስል መድኃኒቱን እንደሚተው ከፊቱ አነበብሁ። አንዷ ጠበል ውሰጂው አለችኝ። ውሻ ይዤ ጠበል ብገባ ካህናቱ ከማን እንደሚጀምሩ አስቡት።

በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ፤ ቅቤዬም አለቀ።

አሁን ጭንቀቴን ተረዱልኝ። በእንጅባራ ገበያ ቅቤ ሻጮቹ ሁሉ ያውቁኛል። በጾም አንዲት ቁራጭ ቅቤ እየገዛሁ በየሳምንቱ ብመላለስ ማን ምን ይለኛል? ለፀጉሬ ነው እንዳልል፣ ፀጉሬን በአጭሩ ከተቆረጥሁ ቆይቻለሁ። ለውሻ ነው ብል ደግሞ ይብሳል፤ ሰው የጾም ቅቤውን በውሻ ሲያሳብብ ከመስማት ዝም ማለት ይሻላል። እናም እንደ ከተማዬ ሰው አደረግሁ። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ዳንግላ።

ቅቤዬን በቅጠል አስጠቅልዬ በፌስታል ይዤ፣ ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ጋሪ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ እትዬ አትጠገብ ተቀምጠዋል። ከኔ ግቢ ሁለት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩ፣ ጾም የማያፈርሱ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ የሻረግ የምትባል፤ ትምህርቷን ካቋረጠች ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ ኩራት ነው እንል ነበር። እኔም ስል ነበር።

ሰላምታችን ረጅም ሆነ፤ ሁለታችንም ምን ልትሠሩ መጣችሁ ወደሚለው ጥያቄ መድረስ አልፈለግንም። የዳንግላ ፀሐይ ግን ለይሉኝታዬ አላዘነም፤ ቅቤው ቀለጠና ጋሪው በሁዳዴ መሃል ዶሮ ወጥ ቤት መሰለ። እትዬ አትጠገብ አፍንጫቸውን ወደ ሌላ አዞሩልኝ። ያን ጊዜ አልቻልሁም። «ለውሻው ነው፤ ኪኒኑን ያለ ቅቤ አይውጥልኝም» አልሁ። ዞር ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው እግዜር ይፍታሽ የሚል ነበር።

ፈረሱ አንድ ጉድጓድ ሲዘል ጋሪው ተናጠና ከእሳቸው ጉያ አንዲት የመድኃኒት ፓኮ እግሬ ሥር ወደቀች። አነሳኋት። ዓይኔ አይስትም፤ ተመስገን ጠዋትና ማታ የሚውጠው ኪኒን ነው። ቀና ስል የእትዬ አትጠገብ ፊት አመድ መስሏል።

«እኔም ለውሻ ነው» አሉኝ።

እትዬ አትጠገብ ውሻ የላቸውም። ግቢያቸው ውስጥ ድመትም አይቼ አላውቅ። የሻረግ ለምን ከቤት እንደማትወጣ፣ በካርድ ክፍሉ ዘመኔ ሁሉ ካርዷ አንድ ቀን በእጄ ያላለፈው ለምን እንደሆነ፣ ሁሉም እዚያው ጋሪ ላይ በአንዴ ገባኝ። ዳንግላ ድረስ የሚመላለሱት ከሰው ሁሉ ይልቅ እኔን ሸሽተው ነው፤ ካርድ አውጪዋን። ፓኮዋን በእጃቸው አስቀመጥሁ።

«እግዜር ይማርልዎት፣ እትዬ» አልሁ።

«አሜን» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ማለዳ መጡ። ቁጭ አሉ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ጤፍ አወሩ፤ በመጨረሻ ያን ውሻ ስጭኝ አሉ። ከዚያ ስለ የሻረግ ነገሩኝ። ክፍል ውስጥ መውደቋን፣ ልጆች መሳቃቸውን፣ ወሬው እንዳይወጣ ብለው ቤት ማስቀመጣቸውን፣ የምታገባው ታጣለች ብለው መፍራታቸውን። አንዳንዴ ደግሞ ዳንግላ መሄጃ ሲያጡ ኪኒኑ ይቋረጣል፤ ሲቋረጥም ትወድቃለች። ውሻው ቤታቸው ቢገባ ግን እዚሁ ከተማችን መድኃኒት ቤት፣ የሐኪም ወረቀቷን ለባለሙያው ብቻ አሳይተው፣ ዓይን ሳያሸማቅቃቸው ይገዛሉ። ምንድን ነው ላለ ሁሉ መልስ አላቸው፤ ለውሻ ነው። እኔ ለተመስገን ቤት ስፈልግ፣ እሳቸው ለአንዲት ቃል ውሻ ይፈልጉ ኖሯል።

ደግሞስ ነገራችን አያስገርምም? ሰፈሩ ሁሉ የተመስገንን በሽታ በስሙ ይጠራል፤ «ዛሬስ ጣለው?» ብሎ በአጥር ላይ ይጠይቀኛል። ለውሻ የማናፍርበትን በሽታ ለልጃችን ስናፍርበት ኖርን።

የሻረግ ልትወስደው ከእናቷ ጋር መጣች። እትዬ አትጠገብ የገጠር ልጅ ናቸውና በአገውኛ አንድ ነገር ብለው ጠሩት። እኔ ያን ያህል ጊዜ በአማርኛ ስለምነው ጆሮውን የሚነፍገኝ ውሻ ተስፈንጥሮ ተነሳና ጅራቱን እየቆላ ሄደላቸው። ለካ ቋንቋ ነበር የቸገረው። የቀረችኝን ቅቤ አብሬ አስያዝኋቸው፤ ስለ ቅቤውም ስለ ጾሙም ማንም ምንም አላለም። ሲወጡ አልቅሻለሁ፤ ሰው ይሰማኛል ብዬ ግን በሩን ዘጋሁ፤ ከመምከር መተግበር ይከብዳል።

ባሕር ዳር ሳለሁ እትዬ አትጠገብ በስልክ አወሩኝ። ኔትወርኩ እየቆራረጠ ነው፤ ያም ሆኖ ይህን ሰምቻለሁ። ተመስገን በረንዳ ላይ ወድቋል። የሻረግ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ አሽሽታ፣ ቁጭ ብላ፣ እስኪያልፍለት ጠብቃዋለች። ልጅቷ ስትወድቅ ራሷን አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው ከነቃች በኋላ የከበቧትን ሰዎች ፊት ነው። «እኔም እንዲህ ነው የምሆነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። በዚያው ቅጽበት ውሻው ተንገዳግዶ ቆመ፣ ራሱን አራገፈ፣ ውሃ ፍለጋ ሄደ። «አዎ ልጄ፣ እንዲህ ነው የምትነሽው» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ የተመስገንን ኪኒን በቅቤ የምትለውሰው እሷ ናት፤ የራሷንም በዚያው ሰዓት በውሃ ትውጣለች። እሱ ሰዓቱን አይረሳም፤ ቅቤ አለበታ። እሷንም እንድትረሳ አይተዋትም።

የልጅ ልጄን ታቅፌ፣ ስሜ፣ አሳድጌ ማለት ይቀለኛል፣ ተመለስሁ። አንድ ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ መድኃኒት ቤት ተሰልፌያለሁ። ሰው ሞልቷል። ተመስገን በር ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ ወፍሯል፤ አወቀኝ፣ ግን ከቦታው አልተነሳም፤ የሚጠብቀው ሰው አለው። የሻረግ ከኔ ፊት ነበረች። ወረቀቶቹን ስታቀብል ከጎኗ የቆሙ አንድ ሰውዬ፣ ለነገር ሳይሆን ለወሬ ያህል፣ ለዚያ ውሻ ነው አይደል አሏት። መልሱ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው፤ እናቷ ስንት ጊዜ ብለውታል። እኔ በሷ ፈንታ አዎ ልል አፌን ከፈትሁ።

«ለሁለታችን ነው» አለች።

ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባለመድኃኒቱ ራሱን ሳያቀና በሁለት ፓኮ ለየብቻ አድርጎ ሰጣት። ያን ጊዜ ከኋላዬ የቆመች አንዲት ሴት፣ ከጥርባ በኩል የመጣች ገበያተኛ ትመስላለች፣ እኔን አልፋ ጠጋ አለቻትና የሻረግን ክንዷን ያዘች።

«እኅቴ፣ ለወንድሜ ልጅ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያ ኪኒን እንቅልፍ ያበዛል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

የሻረግ ፈገግ አለች፤ እንደ ነባር ታማሚ በርጋታ መጀመሪያ ላይ እንደሚያስተኛ፣ ኋላ እንደሚለመድ፣ ከሁሉ ከሁሉ ግን እንዳይቋረጥ ትነግራት ጀመር። ተራዬ ደርሶ ነበር። ባለመድኃኒቱ በዓይኑ ሲጠራኝ፣ ይጨርሱ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።