ጥጥ የሆነው ፍሬን

[ይህ የመንጃ መምህር፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያልበው? ልብስ ሰፊው ሦስት ወር ሙሉ መንዳት ሲማር ይህችን ጥያቄ ብቻ ሊመልሳት አልቻለም። አሁንም ከመምህሩ ጋር በአሮጌዋ የማስተማሪያ መኪና ውስጥ፣ በመለማመጃው ሜዳ ላይ ተቀምጠው ይነታረካሉ። በመምህሩ እግር ሥር፣ ለክፉ ቀን ተብሎ ከተማሪው ፍሬን ጋር በብረት ዘንግ የተያያዘ ትርፍ ፔዳል አለ።]

ልብስ ሰፊ፦ እኔ የምልዎት፣ ፍሬኑ ለስልሷል ነው።

መምህር፦ የለሰለሰው ያንተ ጭንቅላት ነው።

ልብስ ሰፊ፦ ጭንቅላቴን አልረገጥኩትም። የረገጥኩት ፔዳሉን ነው፤ ጥጥ ሆኗል። እንዲያውም ገና እግሬ ሲነካው ቀድሞኝ ይወርዳል።

መምህር፦ ፔዳል ሰው አይቀድምም። እኔ በዚህ ወንበር ላይ ስንት ዓመት የተቀመጥኩ ይመስልሃል?

ልብስ ሰፊ፦ ወንበሩን ሳየው ብዙ ይመስለኛል።

መምህር፦ ስማ፣ ነገ ፈተና አለህ። ሁለቴ ወድቀሃል፤ ሁለቴም የማቆሚያውን መስመር አልፈህ። በፍሬን አታመካኝ።

ልብስ ሰፊ፦ የማመካኝበት ጊዜ የት አለኝ? አሠሪዬ «ነገ ካላለፍክ የልብስ ማድረሻዋን መኪና ለወንድሜ ልጅ እሰጣታለሁ» ብሎኛል። ያ ልጅ ደግሞ ቁልፍ ማዞር የሚያውቀው የቤቱን በር ሲከፍት ብቻ ነው። እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ ስፌት ላይ መቅረቴ ነው።

መምህር፦ እሺ፣ ለሰለሰ እንበል። ፍሬን ሲለሰልስ ምክንያቱ አንድ ነው፤ አየር ገብቷል።

ልብስ ሰፊ፦ መስኮቱን ልዝጋው?

መምህር፦ (ዓይኑን ጨፍኖ) በቱቦው ውስጥ፣ ወንድሜ። የፍሬን ዘይት ሲረገጥ አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ይለሰልሳል።

[ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል። የቀኝ ጫማው ሶል ተበልቶ አልቋል፤ ግራው ትናንት የተገዛ ይመስላል።]

መምህር፦ ዘይቱ ሙሉ ነው። እስኪ ደጋግመህ ርገጥ። እንዴት ነው?

ልብስ ሰፊ፦ ድንጋይ።

መምህር፦ አየህ፣ ክዳኑን ጠበቅ ሳደርገው ዳነ።

ልብስ ሰፊ፦ እጅዎ ይባረክ።

[መምህሩ ገባና ተነሡ። መስመሩ ጋ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው እግሩን ላመል ያህል አሳረፈ። መኪናዋ ቀጥ አለች።]

ልብስ ሰፊ፦ ጥጥ።

መምህር፦ አሁን ድንጋይ አላልክም?

ልብስ ሰፊ፦ ድንጋይ ነበር። እርስዎ ሲገቡ ጥጥ ሆነ።

[መምህሩ እያጉረመረመ ወረደ። በየጎማው ሥር ተንበርክኮ የሚንጠባጠብ ዘይት ፈለገ። ሁሉም ደረቅ ነው።]

መምህር፦ የሚያፈስ የለም። አሁንስ?

ልብስ ሰፊ፦ ድንጋይ። መምህር፣ አይቆጡኝና፣ ፍሬኑ የሚለሰልሰው እርስዎ ሲገቡ ነው።

መምህር፦ (አሰብ አድርጎ) ክብደቴ ነዋ። እኔ ስቀመጥ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ ቱቦው ይጨመቃል። ይህን ብዙ መካኒክ አያውቀውም።

ልብስ ሰፊ፦ ማንም ነግሯቸው አያውቅ ይሆናል። እንግዲያው ክብደቱን እንሞክረው።

[ለመሰናክል የተቀመጡትን ሁለት የአሸዋ ከረጢቶች በመምህሩ ወንበር ላይ ጫኑ። መምህሩ ሜዳው ላይ ቀረ፤ ልብስ ሰፊው ከአሸዋው ጋር ነዳ። መስመሩ ጋ እንደ ልማዱ እግሩን አሳረፈ። መኪናዋ ግን መስመሩን እንዳላየ ሰው አልፋው ሄዳ፣ ወዲያ ማዶ ቆመች።]

መምህር፦ (እያለከለከ ደርሶ) ይኸው፣ ልክ እንደ ፈተናው ቀን።

ልብስ ሰፊ፦ አዎ፣ ልክ እንደ ፈተናው ቀን ድንጋይ ነው። ያን ቀን በእርስዎ ወንበር ላይ የተቀመጠው ፈታኙ ነበር።

መምህር፦ ፈታኙማ ቀጭን ነው።

ልብስ ሰፊ፦ አሸዋው ግን ቀጭን አይደለም። ፈታኙ ሲገባ ድንጋይ፣ አሸዋው ሲገባ ድንጋይ፣ እርስዎ ሲገቡ ጥጥ።

መምህር፦ ጭራሽ ከአሸዋ ጋር ታወዳድረኛለህ?

ልብስ ሰፊ፦ አላወዳድርም። አሸዋ አያልበውም።

[አሸዋው ወረደ፣ መምህሩ ገባ። በዚህኛው ዙር ልብስ ሰፊው መስመሩ ሲቃረብ እግሮቹን ከፔዳሉ አርቆ ሰበሰበ። መኪናዋ መስመሩ ላይ ተንገጫግጫ ቆመች፤ ሞተሩም ጠፋ።]

መምህር፦ ጎበዝ። ፍሬን እንዲህ ነው የሚረገጠው።

ልብስ ሰፊ፦ አልረገጥኩም።

መምህር፦ እንዴት አልረገጥክም? ቆመን የለ?

ልብስ ሰፊ፦ የእኔ እግሮች ሁለቱም እዚህ ናቸው፤ ይዩዋቸው። ያኛው እግር የማን ነው?

[መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀኝ እግሩ ትርፉን ፔዳል እስከ ወለሉ ተጭኖ ይንቀጠቀጣል።]

መምህር፦ ይሄማ... አርፎ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ ሶሉን ጨርሶ ነው ያረፈው?

መምህር፦ (እግሩን በሁለት እጁ ከፔዳሉ ላይ እያነሣ) አንድ ተማሪ ከግንብ ጋር ካጋጨኝ ወዲህ አልታዘዝ አለኝ። ሌሊትም ይረግጣል። ሚስቴ አልጋ ለይታለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

ልብስ ሰፊ፦ ስለዚህ እስከ ዛሬ መሪው የእኔ፣ ፍሬኑ የእርስዎ ነበር። ለፈተናው ግን እኔን ብቻ ላኩኝ።

መምህር፦ አየር አልነበረም በለኛ።

ልብስ ሰፊ፦ አየርማ ነበር። ቱቦው ውስጥ አይደለም እንጂ።

[የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ያወርዳል።]

መምህር፦ ምን ልታደርግ ነው?

ልብስ ሰፊ፦ ልክዎን ልወስድ። እግርዎን ይግጠሙልኝ።

[ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ጠምጥሞ ከወንበሩ ሥር ካለው ብረት ጋር ቋጠራቸው። አቋጠሩ የባለሙያ ነው።]

መምህር፦ ብንጋጭስ?

ልብስ ሰፊ፦ አብረን ነዋ። አይስጉ፣ እኔ የስፌት መኪና ስረግጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። እግሬ ሥራውን ያውቃል፤ ተራ አልደረሰውም እንጂ።

[ተነሡ። አሁን ጠንከር አድርጎ ረገጠ።]

መምህር፦ በስንዝር አለፍክ።

[ዞረው መጡ።]

መምህር፦ አሁን ደግሞ በስንዝር ጎደለህ። (እያዛጋ) ድገመው።

[ዞረው መጡ። የፊት ጎማዎቹ መስመሩን ሳሙት።]

መምህር፦ እህ... ይሄ ደህና ነው። እስኪ... አንዴ ድገመው...

ልብስ ሰፊ፦ መምህር፣ ነገ ፈታኙንም ልሰረው ይሆን?

[ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ አየ። የመምህሩ ግንባር ደርቋል፣ አንገቱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል፣ የታሰሩት እግሮቹም ጸጥ ብለዋል። መስመሩ ደረሰ። ልብስ ሰፊው ፍሬኑን እንደ ሐር ጨርቅ ጫን አደረገው፤ መኪናዋም ሰውየውን ሳትቀሰቅስ መስመሩ ላይ ቆመች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነበር።]