ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ የዞረ ሞተር

በኮምፒውተር ውስጥ እንደሚዞር ሞተር ዘገምተኛ ነገር የለም። ፊርማ የሚጠብቅ ደብዳቤ እንኳ ይቀድመዋል። አላመናችሁም? ሐሙስ ዕለት እኛ ቤት መምጣት ነበረባችሁ።

ወንድሜ ሰዒድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነው… ነበር። ለእረፍት መካነ ሰላም መጥቶ የጋሽ ይማምን የወፍጮ ሞተር በኮምፒውተሩ ሣለው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። ደሴ ያለው ሞተር ጠጋኝ የመዳቡን ዙር ቀንሼ በወፍራም ሽቦ ልጠቅልለው ብሏል። ጋሽ ይማም ቅዳሜ ጭነው ሊወስዱለት ነው። ሰዒድ ደግሞ «መጀመሪያ እንደዚያ ተጠቅልሎ እዚህ ውስጥ ይዙር፤ የሚቃጠልም ከሆነ እዚህ ይቃጠል» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥዕሉን ብዙ ሺህ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘን አድርጎ ይከፋፍለዋል። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዷ ውስጥ ያለውን የማግኔት ኃይል ያሰላል። ከዚያ ሞተሩ አንድ ዲግሪ ፈቀቅ ይላል። ከዚያ… እንደገና ያሰላል።

በምሳ ሰዓት ጋሽ ይማም መጡ።

«ስንት ዞረ?»

«አርባ ዲግሪ።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ልጄ፣ በእጄ ባዞረው ይሻልህ ነበር።»

እናታችን ግን አዘነችለት። ኮምፒውተሩ ሲያጓራ ሰምታ፣ በርዶት ነው ብላ ጋቢ ደረበችለት። የአገራችንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተሩም ሞቆ ጠፋ። አርባው ዲግሪም አብሮ ጠፋ።

«እማዬ፣ ሞተሩ ሳይቃጠል ኮምፒውተሩን ልታቃጥይው?»

«ሲያቃስት ዝም ልበለው?»

ሰዒድ ስቆ ከዜሮ አስነሳው። ለእኔም «አትንካው» አለኝ። «ዙሩን ሲጨርስ መዳቡ የሚጠቀለልባቸውን የብረቱን ጥርሶች ቀለም እይ። ቢጫ ከሆኑ ጋሽ ይማም ያስጠቅልሉት። ቀይ ከሆኑ ማግኔቱ በዝቶበት ይቃጠላል፤ እንዳይወስዱት ንገራቸው።»

ዓርብ በማለዳ ለጓደኛው ሠርግ ወደ አቀስታ ሄደ። የተሳፈረበት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ያኑ ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርነው።

ለቀስተኛው ሲገባ አጎቴ ኮምፒውተሩን አዩት።

«ይህን ቴሌቪዥን አጥፉት፣ ሐዘን ቤት ነው።»

«ቴሌቪዥን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሰዒድ… የጀመረው ነው።»

ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ። «ስንት ቀረው?» አሉ።

«መቶ ሠላሳ ዲግሪ።»

«እንግዲያው ይዙር።»

መብራትም እንደ ተአምር ሳይጠፋ አደረ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ዙሩ ሞላ። ጥርሶቹን አየሁ። ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ከቤት አይወጣም። እኔ ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሞተሩ አይሱዙ ላይ ታስሮ፣ ጋሽ ይማም ሊሳፈሩ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሐዘን ላይ አይደለህም? ምን አስወጣህ?»

«ይቃጠላል። ሰዒድ እንዳይወስዱት ብሏል።»

«መቼ ነው ያለው?»

«አሁን ነው… የጨረሰው።»

ጋሽ ይማም አንዴ እኔን፣ አንዴ ሞተሩን አዩ። ከዚያ ገመዱን መፍታት ጀመሩ። እኔም በሌላው በኩል ዞሬ ፈታሁ።