የሞቀ ውሃ ጠላት

ቀስ ብሎ የሚሠራን ሰው ሁሉ እንደ ጠላት የሚያይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መርሳ ላይ ገጥሞኛል፤ ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

በደርግ ጊዜ የክትባት ቡድን ሾፌር ነበርኩ። መኪናችን ቤታችንም ነበረች፤ አልጋውም ምድጃውም ውስጧ ነው። ከግራና ተነሥተን መርሳ እንደገባን የቀበሌው ካድሬ ጎኗ ላይ መፈክር በዱቄት ሙጫ ለጠፈባት። በወሩ መፈክሩ ተለወጠና ካድሬው «የድሮው አሁኑኑ ይነሣ» አለኝ።

ውሃ ጣድኩ። ወረቀት በሞቀ ውሃ ሲርስ ራሱ ይላቀቃል፤ የቀረውን ሙጫ ላምባ በነካ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። ይህን የማያውቅ ማን አለ?

«ጓድ፣ ማለሳለስ የአድሃሪ ጠባይ ነው» አለና ካራውን መዘዘ። ካራ ከያዘ ካድሬ ጋር የሚከራከር ሾፌር አይታችኋል? አንድ ፊደል እንዳያመልጠው በካራው ጫፍ እየተከተለ ፋቀው። ወረቀቱ ከመኪናዋ ቀለም ጋር ወረደ፤ የተሻረው መፈክር ግን ቆርቆሮው ላይ ተቀርጾ ቀረ። ከሐራ ገበያ የሚመለስ ሰው ሳይቀር በሩቁ ያነበው ጀመር።

በሳምንቱ የካድሬው አለቃ ከወልድያ መጣ። መኪናዋ ፊት ቆሞ አነበበና «ይህን የቀረጸው ማን ነው?» አለ። ካድሬው ካራውን ወገቡ ላይ እንደሻጠ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ስብሰባ ተጠራና ግለሂስ አድርግ ተባልኩ። ተነሥቼ ውሃ በማሞቄ ጥፋተኛ መሆኔን አመንኩ።

ቀድሞ ያጨበጨበው ካድሬው ነበር።