የሰናይት ካቢኔትና የዓሣው መጠጊያ

እኛ ሐበሾች ከዓሣ ጋር ያለን ዝምድና ከድስትና ከተረት አያልፍም። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የምንለው እንኳ አለቃችንን ለማማት ነው እንጂ ዓሣውን ማን አሽትቶት! ሳሎን ውስጥ አስቀምጦ፣ መብራት አብርቶለት፣ «ዛሬ ፊቱ ጠቆር ብሏል፣ ምን ሆኖ ይሆን?» እያሉ መጨነቅ አሜሪካ የሰጠችን ሥራ ነው። ሌላ ሥራ ያነሰን ይመስል።

ወዳጄ ጌታሁን እዚያው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ባለታክሲ ነው። ሌላው ባለታክሲ እረፍት ሲያገኝ ይተኛል፤ እሱ ባሕር ገዛ። ባሕር ስላችሁ አላጋነንኩም፤ ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የያዘ መስታወት፣ ጨው በልክ የሚነሰነስበት ውሃ፣ ውስጡ ደግሞ እንደ በሰለ ሎሚ የሚያበራ አንድ ቢጫ ዓሣና ግብረ አበሮቹ። እኔ እዚያው አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ፓርኪንግ ስሠራ ውዬ ልጠይቀው ስሄድ የዓሣው ኑሮ ከእኔ ኑሮ በልጦ አገኘዋለሁ።

ችግሩ እንግዳ ነው። እስቲ ራሳችሁ ፍረዱ፤ አንድ ፍጡር ፊት ለፊታችሁ ቆሞ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ ሲያያችሁ፣ እንዴት ብቻችሁን ትጎርሳላችሁ? ዓሣ ሲተነፍስ አፉን እንደሚከፍት ሐበሻ አያውቅም፤ ሐበሻ የሚያውቀው የራበው ሰው አፉን እንደሚከፍት ነው። ስለዚህ ጌታሁን ቤት የገባ ሁሉ ከቆርቆሮው የዓሣ ምግብ ቆንጠር አድርጎ «እንኩ፣ በሞቴ!» ይላል። ጉርሻ ደግሞ አንድ ብቻ ነውር ነው። ውሃው የጎመን ቅቅል መሰለ፤ ሽታው ሊፍቱ ድረስ ወርዶ እንግዳ ይቀበል ጀመር።

የጌታሁን ሚስት ሰናይት ዐቢይ ጾም ሲገባ ቁርጡን ነገረችው፦ «እስከ ፋሲካ ይህ ውሃ ካልጠራ፣ ዓሣህን በባልዲ ይዘህልኝ ትወጣለህ!» ሰናይት ደግሞ የተናገረችውን የምትረሳ ሴት አይደለችም።

ጌታሁን ኢንተርኔት ሲያስስ ሰንብቶ «መድኃኒቱን አገኘሁ» ብሎ ኮል አደረገልኝ። ሬፉጂየም ይባላል። ከትልቁ መስታወት ሥር ትንሽ መስታወት ይቀመጥና የባሕር ሣር ይበቅልበታል። ውሃው በቱቦ ወደዚያ ይወርዳል፤ ሣሩ ቆሻሻውን ይመገብለታል፤ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ ይመለሳል። በሣሩ መሀል ደግሞ ዓሦቹ ላይ ቤት እየለቀሙ የሚጨርሷቸው ጥቃቅን ነፍሳትና ትሎች ተሸሽገው ይባዛሉ። ተሠርቶ የሚሸጥ አለ፤ ጌታሁን ግን «በእጄ ነው የምሠራው» ብሎ ፒዛ ካርቶን ላይ ፕላኑን ነደፈ። መስታወቱ ተለካ፣ ቱቦው ታሰበ፣ ቦታው ብቻ ቀረ። ቦታው ከባሕሩ ሥር ያለው ካቢኔት ነው። ካቢኔቱ ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ከዓመት በዓል በቀር ፀሐይ የማያየው የሰናይት የሰርግ ሳህንና ብርጭቆ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሚስት ፊት ለፊት አትጠየቅም፤ ሽማግሌ ይላካል። ላከ። ስንቱን ትዳር ያስታረቁትን ጋሽ ተሰማን፣ ከእሳቸውም ጋር እኔን። እኔ ለቁጥር ማሟያ ነኝ።

ነጠላችንን አጣፍተን በማለዳ በሩን አንኳኳን። ጥፋታችን ይህ ነው። በሥራ ቀን፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ነጠላ አጣፍቶ በር ካንኳኳ ምን ይዞ እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ሰናይት ገና ስታየን ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«ማን ሞተ? ንገሩኝ! እማዬ ናት?»

«ኧረ ማንም አልሞተም ልጄ!» አሉ ጋሽ ተሰማ ደንግጠው። «ገና ነው።»

«ገና ማለት? ማነው የታመመው?»

«ቢጫው» አልኩ እኔ።

ዕንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ያየችኝ አስተያየት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አሰኝቶኛል።

ጋሽ ተሰማ ግን ልምድ አላቸው። «ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆመው ተናገሩ። ትልቁ የሚውጠው ትንሽ ነፍስ መጠጊያ እንደሚያሻው፣ መጠጊያ የሰጠ ሰውም እንደማይጎድልበት አስረዱ። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል፤ እኔ እንኳ አይቻቸው ለማላውቃቸው ትሎች አብሬ መለመን ጀመርኩ። ሰናይትም ልቧ ራራና የሚጠጣ ልታመጣልን ወደ ኩሽና ገባች። ይሄኔ ጋሽ ተሰማ ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። ቢጫው አፉን ከፈተ። የሽማግሌው እጅ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ።

«ጋሽ ተሰማ!» ሰናይት ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች።

እጃቸው ከነምግቡ አየር ላይ ቀረ። «እያየኝ እኮ ነው ልጄ» አሉ።

«እየተነፈሰ ነው እንጂ! ይኸው፣ ዓሣዬን የምትጨርሱብኝ እናንተ ናችሁ!»

ዓሣዬን አለች። ጌታሁን ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ሆኖ ያዳምጥ ኖሯል፤ «እፎይ» ሲል በሩ ተነቃነቀ።

«ካቢኔቱን ውሰዱ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ይህን ዓሣ ከእኔ በቀር ማንም አያጎርሰውም። ደግሞስ ለትሉ መጠጊያ ተገኘ፤ ለሳህኔስ?»

ጋሽ ተሰማ ዞረው እኔን አዩኝ። ሰናይትም አየችኝ። ቢጫው ሳይቀር አየኝ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ያወጣሁት ሳህን ነው። ሬፉጂየሙ ተሠራ፣ ሣሩ ለመለመ፣ ለፋሲካ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ዓሦቹ አየር ላይ የሚንሳፈፉ መሰሉ። እንግዳ ወደ ቆርቆሮው ጠጋ ካለ ሰናይት «ጠግቧል!» ትላለች፤ ከሐበሻ አፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል። ባለ ወርቅ ጠርዙ ሳህን ግን አሌክሳንድሪያ ባለችው አንዲት ክፍሌ፣ ሶፋው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አልጋዬ ሥር ሰፈረ።

በቅርቡ፣ አግቢኝ እያልኩ ስለማመጣት የከረምኩት ልጅ «ቤትህን ልየው» ብላ መጣች። ሳህኑን አየች፣ ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች።

«ሚስትህ የት ሄዳ ነው?»

እውነቱን ነገርኳት። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትሎች መጠጊያ አጥተው ነው አልኳት።

«ውሸት እንኳ የሚያምርበት ወንድ አለ» አለችና ሄደች።

በዕድሜዬ ምንም ሳላጋንን የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እስክታምነኝ ድረስ በባለ ወርቅ ጠርዝ ሳህን ማካሮኒዬን እየበላሁ እጠብቃለሁ።