ፎቶው ላይ ያቀፈኝ መስሏችሁ ነበር?

ዛሬ ጉድ ሆኛለሁ፤ ሰብሰብ በሉና ልናዘዝ!

ልጄ ዛሬ ጠዋት ፌስቡክ ላይ የለጠፈቻትን የእኔንና የአባቷን ፎቶ አይታችኋት የለ? ነጌሌ፣ በደርግ ጊዜ፣ የጥምቀት ዕለት። እኔ በቀይ ቀሚስ፣ ታደሰ በአፍሮ፣ ከኋላችን በቀለም የተሳለ ባሕር። (ነጌሌና ባሕር! እሱን እንኳ ተዉት።)

ኮሜንቱ አላባራ አለ። «እንዴት አድርጎ እንዳቀፋት እዩልኝ!» «ፍቅር ድሮ ቀረ!»

ወገኖቼ፣ አላቀፈኝም።

ዚፕ ይዞ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ያኔ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ታደሰ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ከ«እንዴት ዋልሽ» አልፎ አያውቅም። የገና በዓል ሲደርስ ወደ ተልተሌ ሊዛወር ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ አስቁሞኝ «የጥምቀት ዕለት አብረን ፎቶ ብንነሣስ?» አለኝ።

በዚያን ጊዜ ወንድና ሴት አብረው ፎቶ ቤት ገቡ ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ወይ ያን ቀን የልቡን ይናገራል፣ ወይ ተልተሌ ትውጠዋለች።

እህቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ቀይ ቀሚስ ልካልኛለች። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? በጾሙ፣ ትንፋሼን ስይዝ፣ ልክክ ይልልኛል። ስተነፍስ የለም። ከገና እስከ ጥምቀት ያለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በየቤቱ «ብዪ እንጂ»፣ በየቤቱ «በሞቴ»!

ወሰንኩ። ምግብ የሚባል አልነካም፤ ወተት ብቻ።

ወተት ምግብ ነው እንዴ? መጠጥ ነው!

ያከራዩኝ አዴ ጡሜ የሚባሉ የቦረና ሴት ናቸው፤ ላሞች አሏቸው። ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» ብለው አንድ ትልቅ ኩባያ፣ ማታ ሌላ አንድ። «ዱጊ፣ ኢንታላ! ጠጪ ልጄ!» ይሉኛል። እኔም ግጥም። ቦረና ቤት ወተት እምቢ ይባላል? ነውር ነው!

ምሳ የለም። ርሃብ ሲበረታ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው፤ ሰውን ያንሳፍፈዋል። የካርድ ክፍሉን መስኮት ተደግፌ፣ ቀዩ አቧራ ሲነሣ፣ ግመሎቹ በሩቁ ሲያልፉ እያየሁ ጭልጥ እላለሁ። ቀሚሴን ለብሼ ያ የቀለም ባሕር ዳር ቆሜያለሁ። ታደሰ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» ይለኛል...

«ኧረ ካርድ!» ብሎ በሽተኛ ሲጮህ እባንናለሁ።

በሳምንቱ የጤና ጣቢያው ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ!

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ ለኃላፊያችን አመለከትኩ። አትሳቁ!

አዴ ጡሜ ወተቱ ላይ ቅቤ እያቀለጡ ይጨምሩበት እንደነበር የሰማሁት ከሠርጌ በኋላ ነው። ከንፈሬ ወዛ ወዛ ሲል እኔ የነጌሌ አየር ተስማማኝ ብዬ ነበር።

የጥምቀት ዕለት ዚፑ በስንት ልመና ተዘጋ። ነጠላዬን ጣል፣ ትንፋሼን ያዝ፣ ወደ ፎቶ ቤት። ፎቶ አንሺው «ነጠላውን አውርጂው እንጂ፣ ቀሚሱ ይታይ!» አለኝ። አወረድኩት።

ትርርርር!

ከአንገቴ እስከ ወገቤ ነፋስ ገባ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ታደሰ ጠጋ አለና፣ ሁለቱን ጫፍ ከኋላዬ በጭብጡ ሰብስቦ ያዘ። «ሳቂ» አለኝ በሹክሹክታ። የወደዳችሁልኝ ፈገግታ የዚያን ጊዜ የመጣ ነው።

ፎቶው አለቀ። ነጠላዬን መልሼ ለበስኩ። አሁን እኮ ሊለቀው ይችላል!

አልለቀቀም። ከነጠላው ሥር ቀሚሴን እንደያዘ፣ በታቦት ሸኚው መሀል አልፈን፣ እስከ አዴ ጡሜ በር ድረስ ሄድን። እግሬ መሬት መንካቱን እንጃ። ከተማው በሙሉ አየን። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ሀገረ ማርያም ወላጆቼ ቤት ደረሱ።

ኑዛዜዬ እንግዲህ ይኼ ነው፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤን የሚበላኝ ጥያቄ አለ። ሰውዬው ያገባኝ ወዶኝ ነው፣ ወይስ እጁ ጀርባዬ ላይ ስለታየበት? ዚፑ ባይበጠስ ተልተሌ ሄዶ ይቀር ነበር? ልጆች ወልደን፣ የልጅ ልጅ አይተን፣ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። መልሱን ፈራሁት።

ዛሬ ኮሜንቱን እያነበብኩለት አመለጠኝና ጠየቅኩት።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያን ቅቤ ከአሬሮ አስመጥቼ ለአዴ ጡሜ የሰጠሁት እኮ እኔ ነኝ» አለኝ። «ምሳ ትተሽ መስኮቱ ላይ ፈዘሽ ሳይሽ፣ ይቺ ልጅ ሳላገባት ልትሞትብኝ ነው ብዬ!»

እኔ ለእሱ ብዬ ስራብ፣ እሱ ለእኔ ብሎ ሲያደልበኝ! ይኼን ሁሉ ዘመን ዚፕ ሳመሰግን ኖሬያለሁ።

አሁን ደግሞ ጥምቀት ደርሷል። ሐኪሙ «ክብደት ቀንሺ፣ ቅባት ተዪ» ብሎኛል። ይህን እየጻፍኩ ሰውዬው አንድ ኩባያ ወተት አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። ላዩ ላይ ቢጫ ነገር ይንሳፈፋል።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ይኼ እምቢ ይባላል?