ስለ እትዬ አስካለ በር የተናገርኩት

ሰው ማይክ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቤቱ ውስጥ ሚስቱን ጨው አቀብይኝ ለማለት የሚያመነታ ሰው፣ ማይክ ከጨበጠ በኋላ ስለ አገር ዕድገት ካልተናገረ አይለቅም። ራሴን ነው የምላችሁ፤ የማንንም ስም አላጠፋም።

በዚያ ሰሞን ወረዳችን የሰፈራችንን መንገድ አሰፋለሁ፣ አስፋልትም አለብሳለሁ ብሎ ለሕዝብ ውይይት ጠራን። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ያለችው የእኛ መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ናት፤ ተሳስቶ የገባ የከባድ መኪና ሹፌር እየተራገመ ነው የሚወጣው። ታዲያ አስፋልት ማን ይጠላል?

በስብሰባው ቀን ጠዋት ጋሽ በቀለ በር ላይ ጠበቁኝ። ጋሽ በቀለ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርሰው ጡረታ የወጡ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ዊልቸር ላይ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጋሽ በቀለ ገፋ አድርገው በር ላይ ፀሐይ ያሞቋቸዋል። እትዬ አስካለ እዚያ ሆነው ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሄዱትን ልጃገረዶች አንድ በአንድ ይመርቃሉ፤ ያረፈደችውንም ይቆጣሉ። ለእሳቸው ዓለም ማለት ያቺ በር ናት።

ጋሽ በቀለ ባለቤታቸውን ትተው ስብሰባ መዋል አይችሉም። የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በመንገዱ ዳር የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንደሚቆፈር ሰምተዋል፤ በእነሱ በር ትይዩ በኮንክሪት ይከደንልን፣ ዊልቸሯ እንድታልፍ፣ ይኼን ብቻ ተናገርልኝ፣ አንተ አፍ አለህ አሉኝ። ችግር የለም ጋሽ በቀለ፣ እንደተነገረ ይቁጠሩት አልኳቸው። አቤት አፌ!

አዳራሹ ጢም ብሏል። እጄን አወጣሁ፤ ማይኩ መጣ። ስለ መንገድ ጥቅም ትንሽ ብዬ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ ብዬ ጀመርኩ። መንገድ የሥልጣኔ መሠረት ነው አልኩ። ተጨበጨበ። ወይ ጉድ! በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ሠርጌ ላይ እንኳ የተጨበጨበው ለሙሽራዋ ነው። ከዚያማ ማን ይያዘኝ? ከአቃቂ ተነስቼ አዲስ አበባን ዞርኩ፣ አፍሪካን አቋረጥኩ። የመድረኩ መሪ ሰዓታቸውን ቢያሳዩኝም፣ በሙሉ ልብ እንደግፋለን ብዬ በጭብጨባ ታጅቤ ተቀመጥኩ። ጸሐፊዋ ሁሉንም ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረችው። ሰዓቱ አለቀና ስብሰባው ተዘጋ።

ነገሩ ትዝ ያለኝ ጋሽ በቀለን በራቸው ላይ ቆመው ሳያቸው ነው። ተናገርክልኝ ወይ አሉኝ። እትዬ አስካለም ከዊልቸራቸው ቀና ብለው ያዩኛል። ተናግሬያለሁ አልኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

በማግስቱ ወረዳ ሮጥኩ። አንድ ትሁት ሠራተኛ ፋይሉን ገለጠና፣ አስተያየት መቀበያው መድረክ አልፏል፣ ሕዝቡም በሙሉ ልብ ደግፎታል አለኝ። በሙሉ ልብ የምትለዋ የእኔው ናት። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ተመላለስኩ፤ ወይ ፍንክች።

አስፋልቱ ተነጠፈ፤ ለነገሩ ያምራል። ቦዩ ግን በእነ ጋሽ በቀለ በር ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። በራሳችን እንክደን ብንል፣ የመንግሥት ሥራ መነካካት ክልክል ነው ተባልን። ጣውላ አጋደምንበት። እትዬ አስካለ አንድ ቀን ሞከሩት፤ መሃል ላይ ሲወዛወዝባቸው ጮኹ፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ አሉ። ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አጥር አዙረው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። የፋብሪካው ሰርቪስ ሲያልፍ ድምፁን ሰምተው፣ ዛሬ አረፈዱ ይላሉ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ።

ክረምቱ እንደወጣ አረፉ። ቦዩን ያሻገርናቸው በሸክም ነው። ጋሽ በቀለ በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ሰጡኝና የሕይወት ታሪኳን አንተ አንብብልኝ አሉኝ፤ እምቢ አይባል ነገር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨቡልኝ ጎረቤቶቼ ሁሉ ፊቴ ቆመዋል። ትውልዳቸውን አነበብኩ፤ ትዳራቸውን አነበብኩ፤ ደግነታቸውን አነበብኩ። ከታች ላስታመሙና ለጠየቁ ሁሉ ምስጋና አለ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሕዝቡ ሐዘን መሰለው። ጋሽ በቀለ አፌን አፌን ያዩኛል። አነበብኩት፦

«ስለ አስካለ በር በስብሰባ ላይ ደፍሮ ለተናገረላት ጎረቤታችን፣ ባይሰሙትም፣ ምስጋናችን ከልብ ነው።»